ከእጅ ወደ እጅ፦ አካል ጉዳተኞችና አለርጂ ያለባቸው ተሳፋሪዎች በአየር ጉዞ

የዚህ ንግግር ዓላማ አካል ጉዳት ወይም ብርቱ አለርጂ ያለበት ሰው በአውሮፕላን ሲጓዝ ደኅንነቱና ምቾቱ በማን ኃላፊነት ሥር እንደሚወድቅ መመርመር ነው። የአየር ጉዞ ትኬት ከሚቆረጥበት ቢሮ ጀምሮ በመንገደኞች መመዝገቢያ፣ በፍተሻ፣ በመሳፈሪያ በር፣ በአውሮፕላኑ ውስጥና በዕቃ መጫኛው አልፎ እስከ መዳረሻው መውጫ በር ድረስ ብዙ እጆች የሚቀባበሉት ሥራ በመሆኑ፣ ለአንዱ ሠራተኛ የተነገረው ነገር ሌላው ዘንድ ሳይደርስ ሊቀር ይችላል፤ ይህም ልዩ ድጋፍ ለማያስፈልገው መንገደኛ መጉላላት ብቻ ሲሆን፣ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚንቀሳቀስ ወይም ጥቂት ሰሊጥ ሕይወቱን ሊያሳጣው ለሚችል ሰው ግን የአደጋ ምንጭ ነው። ንግግሩ በመጀመሪያ ሕጉ ኃላፊነቱን ለማን እንደ ሰጠ ያያል፤ ከዚያ ስለ ተሽከርካሪ ወንበርና ስለ ባለቤቱ በሰፊው ያትታል፤ ቀጥሎ ወደ አለርጂ ይሻገራል፤ በመጨረሻም ልጆቻቸውን ለመጠየቅ ከአዲስ አበባ ተነሥተው ባሕር ማዶ የሚሄዱ አረጋውያን ወላጆችን ጉዳይ ያነሣል።

ከሕጉ ለመነሣት ወደ አሜሪካ መመልከት ይጠቅማል፤ ምክንያቱም «ኃላፊው ማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ፊት ለፊት ተነሥቶ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የደረሰው እዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 የወጣው የአሜሪካ የተሐድሶ ሕግ በአንቀጽ 504 ከፌዴራል መንግሥት የገንዘብ ድጋፍ የሚያገኝ ተቋም በአካል ጉዳት ምክንያት ሰውን እንዳያገል ይከለክላል። የአከርካሪ ጉዳት የደረሰባቸው የቀድሞ ወታደሮች ማኅበር፣ አየር መንገዶች በመንግሥት ገንዘብ በተደገፉ ማረፊያዎችና መንግሥት በሚያካሂደው የበረራ ቁጥጥር ስለሚገለገሉ ሕጉ እነርሱንም ሊይዛቸው ይገባል ብሎ ተከራከረ። ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1986 በሰጠው ውሳኔ ገንዘቡን የሚቀበሉት የማረፊያዎቹ አስተዳዳሪዎች እንጂ አየር መንገዶቹ እንዳልሆኑ፣ ከአንድ አገልግሎት መጠቀምም የገንዘብ ድጋፍ ከመቀበል እንደማይቆጠር ገልጾ ክርክሩን አልተቀበለም። ማኅበሩ በፍርድ ቤት ቢረታም ጉዳዩ አልሞተም፤ ኮንግረሱ በዚያው ዓመት አየር መንገዶች በአካል ጉዳት ምክንያት አድልዎ እንዳያደርጉ በቀጥታ የሚያዝ ራሱን የቻለ ሕግ አወጣ። ማስፈጸሚያ ደንቡ እ.ኤ.አ. በ1990 ወጣ፤ ከ2009 ጀምሮ ደግሞ ወደ አሜሪካ የሚበሩና ከዚያ የሚነሡ የውጭ አገር አየር መንገዶችንም እንዲይዝ ተደረገ። ስለዚህ ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን የሚሄድ መንገደኛ ቢያውቀውም ባያውቀውም የዚያ ክርክር ውጤት ይመለከተዋል።

አውሮፓውያን መንገዱን በሌላ በኩል ያዙት። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣውና ከ2008 ጀምሮ በሙሉ የሚሠራበት 1107 ቁጥር ደንብ፣ መንገደኛውን ከማረፊያው መግቢያ ተቀብሎ እስከ መቀመጫው የማድረስን ግዴታ የጣለው በአየር ማረፊያው አስተዳደር ላይ ነው። መንገደኛው ፍላጎቱን ከ48 ሰዓት በፊት እንዲያሳውቅ ይጠበቅበታል፤ ወጪውም በማረፊያው በሚጠቀሙ አየር መንገዶች ሁሉ ላይ እንደ መንገደኞቻቸው ብዛት ይከፋፈላል። ይህ አከፋፈል ብልሃት አለው፤ ብዙ አካል ጉዳተኛ መንገደኞችን የሚያጓጉዝ አየር መንገድ ከሌላው የበለጠ ወጪ ስለማይሸከም፣ እነርሱን ለመሸሽ የሚገፋፋው የገንዘብ ምክንያት ይቀንሳል። ጉድለቱ ደግሞ እርዳታውን የሚሰጠው ሠራተኛ የማረፊያው ወይም የሥራ ተቋራጩ ሰው በመሆኑ፣ አንድ ነገር ሲበላሽ አየር መንገዱ ወደ ማረፊያው፣ ማረፊያው ወደ ተቋራጩ መጠቆም መቻሉ ነው። የአሜሪካው ደንብ በዚህ በኩል ይሻላል፤ እያንዳንዱ አየር መንገድ በሚሠራበት ሰዓት ሁሉ በአካል ወይም በስልክ የሚገኝ፣ በቦታው ችግሩን የመፍታት ሥልጣን ያለው የቅሬታ ኃላፊ እንዲያቆም ያስገድዳል። መንገደኛ በሩ ሳይዘጋ መፍትሔ የሚሻ ሰው ነው፤ ከወራት በኋላ የሚመጣ የይቅርታ ደብዳቤ ለዚያ ቀን አይደርስለትም። ከሁለቱ ሥርዓቶች የሚበጀው ወጪውን እንደ አውሮፓ፣ ተጠያቂነቱን እንደ አሜሪካ ማድረግ ይመስላል።

በኢትዮጵያ በኩል መሠረቱ አለ። አገሪቱ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2010 አጽድቃለች፤ የስምምነቱ አንቀጽ 9 ተደራሽነትን ሲደነግግ መጓጓዣን በስሙ ጠርቶ ያካትታል፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 መሠረት ደግሞ የጸደቀ ዓለም አቀፍ ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው። ነገር ግን ስምምነት መብትን ያውጃል እንጂ፣ ከጠባቡ የአውሮፕላን መተላለፊያ ላይ ሰውን ማን እንደሚያነሣው አይነግርም፤ ያንን የሚነግረው ዝርዝር መመሪያና በየቀኑ የሚሠራበት የሥራ ልማድ ነው።

ወደ ሁለተኛው ክፍል ስንሻገር፣ በአየር መንገዶች ቋንቋ ተሽከርካሪ ወንበር የሚጠይቁ መንገደኞች በሦስት ምልክቶች እንደሚለዩ ማወቅ ያስፈልጋል። አራት ፊደል ያለው የመጀመሪያው ምልክት በ«አር» የሚያልቅ ሲሆን ደረጃ መውጣትና በአውሮፕላኑ ውስጥ መራመድ የሚችል፣ ረጅሙን የማረፊያ መንገድ ግን በእግሩ የማይዘልቅ ሰውን ያመለክታል። በ«ኤስ» የሚያልቀው ደረጃ የማይወጣውን፣ በ«ሲ» የሚያልቀው ደግሞ እስከ መቀመጫው ድረስ ሙሉ በሙሉ በሰው እርዳታ የሚደርሰውን ያመለክታል። ትኬት የሚቆርጠው ሠራተኛ ሳይጠይቅ አንዱን ፊደል ቢጽፍ፣ በሌላ አህጉር የሚጠብቀው ሠራተኛ በደረጃው ሥር ባዶ ወንበር ይዞ ይቆማል፤ ማንሻ ያለው መኪና ግን አይመጣም። አንዲት ፊደል ሰውን አውሮፕላን ውስጥ ሰዓታት ልታስቀምጥ ትችላለች።

በ«ሲ» የሚመዘገበው መንገደኛ የራሱን ወንበር ይዞ ወደ መቀመጫው መግባት አይችልም፤ መተላለፊያው ስለማይበቃ፣ በአውሮፕላኑ በር ላይ ከራሱ ወንበር ወደ ጠባብ የመተላለፊያ ወንበር፣ ከዚያም ወደ አውሮፕላኑ መቀመጫ በሰው ክንድ ይዛወራል። ይህ ዝውውር የሠለጠነ እጅ ይፈልጋል፤ በብብት ሥር ብቻ ጎትቶ ማንሣት ትከሻን ሊያወልቅ፣ ስሜት የሌለው እግርም ከመቀመጫው ብረት ጋር ተጋጭቶ ባለቤቱ ሳያውቅ ሊቆስል ይችላል። የአከርካሪ ጉዳት ያለበት ሰው ለረጅም ሰዓት በአንድ አኳኋን ሲቀመጥ የሚወጣበት የግፊት ቁስል ለወራት የማይድን፣ አንዳንዴም ለሞት የሚያበቃ ነው። ለእርሱ ምቾትና ደኅንነት የተለያዩ ነገሮች አይደሉም፤ ትክክለኛ ትራስ ምቾቱም ሕክምናውም ነው።

ወንበሩ ራሱ ደግሞ ወደ ዕቃ ክፍል ይወርዳል። በባትሪ የሚሠራው ወንበር ለአንድ ሰው ቁመትና ጉዳት ተለክቶ የሚሠራ ሲሆን ዋጋው ከብዙ ሺህ እስከ ብዙ አሥር ሺህ ዶላር ይደርሳል፤ የአንዳንድ አውሮፕላኖች የዕቃ ክፍል በር ዝቅተኛ በመሆኑም ወንበሩ በጎኑ ተጋድሞ ወይም መደገፊያው ተነቅሎ ይገባል፤ በዚህ ጊዜ መሪው ይሰበራል፣ ገመዱ ይበጠሳል። አሜሪካ ከ2018 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ትልልቅ አየር መንገዶቿ የተጎዱና የጠፉ ወንበሮችን ቁጥር በየወሩ እንዲያሳውቁ በማስገደዷ፣ እ.ኤ.አ. በ2023 ብቻ ከ11,000 በላይ ወንበሮችና በሞተር የሚሄዱ መንቀሳቀሻዎች መጎዳታቸው፣ መዘግየታቸው ወይም መጥፋታቸው ሊታወቅ ችሏል። ቁጥሩ የሚያስደነግጥ ቢሆንም መታወቁ ራሱ ትልቅ ነገር ነው፤ ያልተቆጠረ ጉዳት ማንም አይጠየቅበትምና።

ካሳውን በሚመለከት ሕጉ ፍትሐዊ አይደለም ማለት ይቻላል። በአሜሪካ ውስጥ በሚደረግ በረራ አየር መንገዱ ለተበላሸ ወንበር እስከ መጀመሪያው መግዣ ዋጋ ድረስ ይከፍላል። ከአገር ወደ አገር በሚደረግ በረራ ግን የሚሠራው እ.ኤ.አ. የ1999 የሞንትሪያል ስምምነት ወንበሩን ከሻንጣ አይለየውም፤ የካሳው ጣሪያ ከ2024 መጨረሻ ጀምሮ 1,519 ኤስ ዲ አር ነው። ኤስ ዲ አር ማለት የዓለም የገንዘብ ድርጅት የሚጠቀምበት የሒሳብ መለኪያ ሲሆን፣ ይህ መጠን በዶላር ሲመነዘር ወደ 2,000 ገደማ ይሆናል። ስምምነቱ መንገደኛው ሻንጣውን ሲያስረክብ የዕቃውን ዋጋ ለይቶ እንዲያስመዘግብና አስፈላጊ ከሆነ ተጨማሪ ክፍያ ከፍሎ ጣሪያውን እንዲያስነሣ ይፈቅዳል፤ ይህን የሚያውቅ መንገደኛ ግን ጥቂት ነው። የሰው እግር የሆነ ዕቃ ከልብስ ሻንጣ ጋር በአንድ ሚዛን መመዘኑ በስምምነቱ ፈራሚ አገሮች ሁሉ ሊታረም የሚገባው ጉድለት ነው።

ስለ ባትሪው ሲነሣ ጥንቃቄው ተገቢ ነው። የሊቲየም ባትሪ ተቀጣጥሎ በዕቃ ክፍል ውስጥ እሳት ቢያስነሣ ለሁሉም አደጋ በመሆኑ፣ ከወንበሩ የሚነቀል የሊቲየም ባትሪ እስከ 300 ዋት ሰዓት ድረስ ብቻ ተፈቅዶ በተሳፋሪው እጅ ወደ ክፍሉ እንዲገባ ዓለም አቀፉ ደንብ ያዛል። ችግሩ የሚነሣው የባትሪው ዓይነትና መጠን በወረቀት ሳይያዝ በመሳፈሪያ በር ላይ ጥያቄ ሲጀመር ነው፤ የአምራቹን መረጃ አትሞ መያዝ መንገደኛው ራሱ ሊያደርገው የሚችለው ነገር ነው።

መጸዳጃውንም ሳይጠቅሱ ማለፍ አይገባም። ሁለት መተላለፊያ ባላቸው ትልልቅ አውሮፕላኖች ለተሽከርካሪ ወንበር የሚበቃ መጸዳጃ የተለመደ ሲሆን፣ አንድ መተላለፊያ ባላቸው ላይ ግን የለም ለማለት ይቻላል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣችው ደንብ 125 እና ከዚያ በላይ መቀመጫ ባላቸው አንድ መተላለፊያ አውሮፕላኖች ላይም እንዲኖር ቢያዝም፣ ግዴታው የሚመለከተው ከ10 ዓመት በኋላ የሚታዘዙትን ወይም ከ12 ዓመት በኋላ አየር መንገዶች የሚረከቧቸውን ነው። እስከዚያ ድረስ ብዙዎች የሚያደርጉት ነገር ከበረራው ቀን በፊት ምግብና ውኃ መተው ነው፤ ለሰዓታት በደረቅ አየር ውስጥ ለሚቀመጥ ሰው ይህ ራሱ የጤና ጉዳት ነው።

ከደኅንነት አንፃር ደግሞ አንድ ብዙም የማይነገር ነገር አለ። አዲስ ዓይነት አውሮፕላን ፈቃድ ከማግኘቱ በፊት፣ መውጫዎቹ በግማሽ ተዘግተው ሰዎች በሙሉ በ90 ሰከንድ ውስጥ መውጣት እንደሚችሉ በሙከራ መታየት አለበት። በሙከራው የሚሳተፉት ሰዎች ስብጥር በደንብ ተወስኗል፤ ቢያንስ 40 በመቶ ሴቶች፣ 35 በመቶ ከ50 ዓመት በላይ መሆን ሲኖርባቸው፣ ለሕፃናት ምትክ ሦስት አሻንጉሊቶች ይታቀፋሉ። መራመድ የማይችል፣ ማየት ወይም መስማት የተሳነው ሰው ግን በስብጥሩ ውስጥ አልተጠየቀም። እንግዲህ 90 ሰከንዱ የተለካው በማን እግር ነው? መስማት ለተሳነው መንገደኛ በድምፅ ብቻ የሚነገር ማስጠንቀቂያ፣ ማየት ለተሳነው በሥዕል ብቻ የተገለጸ ካርድ ሁለቱም እንዳልተነገሩ ናቸው፤ ስለዚህ አስተናጋጁ አውሮፕላኑ ከመነሣቱ በፊት ለብቻቸው ቀርቦ የቅርቡን በር በእጅ እያስቆጠረ ማስረዳቱ ተጨማሪ ደግነት ተደርጎ ሊታይ አይገባም።

ወደ አለርጂ ከመሻገር በፊት ስለ እስትንፋስ ጥቂት ነገር ጣልቃ ይግባ። በበረራ ላይ የአውሮፕላኑ ውስጥ የአየር ግፊት በባሕር ጠለል እንዳለው አይደለም፤ እስከ 8,000 ጫማ ማለትም 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ እንዳለ ያህል ይሳሳል። የቦሌ አየር ማረፊያ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝ የአዲስ አበባ ነዋሪ በቤቱም የሚተነፍሰው ከዚህ ብዙም ያልራቀ አየር ነው። ከጅቡቲ ወይም ከጅዳ የሚነሣ የሳንባ ሕመምተኛ ግን የኦክስጅኑ ማነስ ሊከብደው ስለሚችል፣ ከጉዞው በፊት ሐኪሙን ማማከርና ኦክስጅን ካስፈለገው አስቀድሞ ማስፈቀድ ይኖርበታል።

አለርጂ ማለት የሰውነት መከላከያ ሥርዓት ለሌላው ሰው ጉዳት የሌለውን ነገር እንደ ጠላት ቆጥሮ ሲቆጣ ነው። ቁጣው ቆዳን ከማሳከክ አልፎ ጉሮሮን ሲያሳብጥ፣ ትንፋሽን ሲያሳጥርና የደም ግፊትን ሲጥል አናፊላክሲስ ይባላል፤ በደቂቃዎች ውስጥ ሊገድልም ይችላል። በአየር ጉዞ ላይ ለረጅም ዓመታት ያከራከረው ኦቾሎኒ ነው። የአሜሪካ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ1998 አየር መንገዶች አለርጂ ያለበት ሰው በሚቀመጥበት አካባቢ ኦቾሎኒ የማይታደልባቸው ረድፎች እንዲለዩ ቢመክርም፣ ኮንግረሱ በሌሎች ባለሙያዎች የተገመገመ ሳይንሳዊ ጥናት ሳይቀርብ መሥሪያ ቤቱ ለዚህ ጉዳይ ገንዘብ እንዳያወጣ ከለከለ። የክርክሩ እምብርት የኦቾሎኒ ብናኝ በአየር ተሸክሞ ሰውን ያጠቃል ወይስ አያጠቃም የሚለው ነበር።

ዛሬ ያለው ማስረጃ ፍርሃቱን ወደ ሌላ ቦታ ያዞረዋል። በዘመናዊ አውሮፕላን ውስጥ አየሩ ከጣሪያ ወርዶ በዚያው ረድፍ አካባቢ በወለሉ በኩል ይወጣል፤ በሰዓት ከ20 እስከ 30 ጊዜ ይለወጣል፤ ተመልሶ የሚገባውም ጥቃቅን ብናኝን በሚይዝ ማጣሪያ ያልፋል። በብሪታንያ የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ጠያቂነት ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመ የጥናቶች ግምገማ፣ ኦቾሎኒ በአየር መመላለሻው በኩል በአውሮፕላኑ ውስጥ ስለመሠራጨቱ ደጋፊ ማስረጃ አላገኘም፤ ይልቁንም ከባዱ ሥጋት ቀድሞ የተቀመጠ ሰው በመቀመጫው፣ በጠረጴዛውና በማያ ገጹ ላይ የተወው ቅሪት በእጅ ወደ አፍ መድረሱ ነው። ስለዚህ አለርጂ ያለበትን ሰው ወይም ወላጁን አስቀድሞ አሳፍሮ መቀመጫውን እንዲወለውል ጊዜ መስጠት፣ በድምፅ ማጉያ ከሚነገር የልመና ማስታወቂያ ይበልጥ ይጠቅማል። አስቀድሞ መሳፈርን መከልከል በዚህ ዘመን ምክንያት ሊቀርብለት የማይችል ስስት ነው።

ምግቡ ግን ከሁሉ የከበደው ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 አንዲት የ15 ዓመት ልጅ ከለንደን ወደ ኒስ ስትበር፣ በማረፊያው ውስጥ የገዛችው ሳንድዊች ሊጥ ውስጥ የነበረው ሰሊጥ በማሸጊያው ላይ ስላልተጻፈ፣ መድኃኒት በመርፌ ቢሰጣትም ሕይወቷ አልፏል። ሱቁ የአየር መንገዱ አልነበረም፤ አየር መንገዱም ሳንድዊቹን አላዘጋጀም፤ የዚያን ጊዜው የብሪታንያ ደንብም በሱቁ ውስጥ ተዘጋጅቶ ለሚሸጥ ምግብ እያንዳንዱን ግብዓት ማሸጊያው ላይ መጻፍ አያስገድድም ነበር። ወላጆቿ ባደረጉት ትግል ደንቡ ተለውጦ ከ2021 ጀምሮ ሙሉ ዝርዝሩ እንዲጻፍ ግዴታ ሆኗል።

ይህ ለሐበሻ ተጓዥ የራቀ ነገር አይደለም። በጾም ወቅት የሚቀርበው ምግብ ወተትና እንቁላል የሌለበት በመሆኑ ለአንዳንዱ አለርጂ የሚስማማ ይመስላል፤ ነገር ግን የጾም ማዕድ የሚደምቀው በጥራጥሬና በቅባት እህል ነው፤ ሽምብራው፣ ምስሩ፣ ኑጉ፣ ሱፉ፣ ሰሊጡ ሁሉ ለአንድ ሰው መርዝ ሊሆን ይችላል። አብሽ እንኳ ከኦቾሎኒ ጋር አንድ ወገን በመሆኑ፣ ኦቾሎኒ የሚያስቆጣቸው አንዳንድ ሰዎች በአብሽም እንደሚቆጡ በሕክምና ታውቋል፤ በሽሮና በበርበሬ ቅመም ውስጥ መኖሩንም ሁሉም አያስተውለውም። አስተናጋጅ «የጾም ነው» ብሎ ሲያቀርብ ሃይማኖታዊ ጥያቄን መለሰ እንጂ የሕክምናውን አልመለሰም። «ያለ ግሉተን» ወይም «ያለ ሥጋ» የሚሉት ልዩ ምግቦችም ሰሊጥ የለባቸውም ማለት አይደለም።

ለአናፊላክሲስ የመጀመሪያው መድኃኒት ኤፒነፍሪን ወይም አድሬናሊን ሲሆን በጭን ጡንቻ በመርፌ ይሰጣል። በአውሮፕላን የድንገተኛ ሕክምና ሳጥን ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚገኘው በብልቃጥ ያለው ነው፤ መጠኑን ለክቶ በመርፌ ለመቅዳት የሠለጠነ ሰው ይጠይቃል፤ ሐኪም ካልተሳፈረ ደግሞ ሳጥኑ ሙሉ ሆኖ ሰው ሊሞት ይችላል። ስለዚህ አለርጂው የታወቀበት ሰው ራሱን ችሎ የሚወጋውን መሣሪያ፣ ከተቻለ ሁለት፣ ከመቀመጫው ሥር ባለው የእጅ ቦርሳው ውስጥ ሊይዝ፣ ለጎረቤቱም ሊያሳይ ይገባዋል። በላይኛው መደርደሪያ የገባ መድኃኒት የመቀመጫ ቀበቶ መብራት ሲበራ እንደሌለ ይቆጠራል።

ወደ መጨረሻው ክፍል ስንደርስ፣ ከቦሌ ወደ ዋሽንግተን፣ ወደ ፍራንክፈርት ወይም ወደ ቴል አቪቭ በሚነሡ በረራዎች ላይ ተሽከርካሪ ወንበር ከተጠየቀላቸው መንገደኞች መካከል በእግራቸው መሄድ የሚችሉ እናቶችና አባቶች ብዙ መኖራቸውን ማንም ያየዋል። ልጆቻቸው ወንበሩን የሚጠይቁላቸው መራመድ ስላቃታቸው አይደለም፤ የበሩን ቁጥር በእንግሊዝኛ ማንበብ፣ ለኢሚግሬሽን መኮንን መልስ መስጠት፣ በትራንዚት ሌላ ሕንፃ ፈልጎ መድረስ እንደሚያስፈራቸው ስለሚያውቁ ነው። ወንበሩን የሚገፋው ሠራተኛ መሪያቸው፣ አስተርጓሚያቸውና ጠበቃቸው ይሆናል። ይህን ማጭበርበር ብሎ መውቀስ ቀላል ቢሆንም ትክክል አይደለም፤ ፍርሃቱ እውነተኛ ነው፤ የቀረበላቸው አማራጭም ይኸው ብቻ ይመስላቸዋል። ይሁንና ውጤቱ መጥፎ ነው። በአንድ በረራ ላይ ሠላሳ ወንበር ሲጠየቅ አሥር ገፊዎች ብቻ ካሉ፣ ያለ ወንበር አንድ እርምጃ የማይራመደው ሰው ከሌሎቹ እኩል ተራ ይጠብቃል፤ አንዳንዴም ተያያዥ በረራው ያመልጠዋል።

መፍትሔው በአየር መንገዶች አሠራር ውስጥ ቀድሞ ያለ ነገር ነው። ወንበር ሳያስፈልገው ተቀብሎ የሚያደርሰው ሰው ለሚፈልግ መንገደኛ የተለየ የመቀበልና የመሸኘት ምልክት አለ፤ የትኬት ቢሮዎች ግን ወንበሩን እንጂ ይህን እምብዛም አያቀርቡም። ትኬት ሻጩ «እናትዎ ደረጃ ይወጣሉ? ብቻቸውን መንገድ ያገኛሉ? እንግሊዝኛ ያነባሉ?» ብሎ ሦስት ጥያቄ ቢጠይቅ፣ መልሱም ከትኬቱ ጋር እስከ መዳረሻው ቢጓዝ፣ በትራንዚት ላይ አሥር እናቶችን ባንድነት በእግር የሚመራ አማርኛ፣ ኦሮምኛ ወይም ትግርኛ ተናጋሪ ሠራተኛ አንድ ይበቃል። እናቶቹ ስማቸው፣ የበረራ ቁጥራቸው፣ የልጃቸው ስልክና አለርጂ ካለባቸው እርሱ በእንግሊዝኛና በራሳቸው ቋንቋ የተጻፈበት ካርድ በአንገታቸው ቢይዙ፣ ካርዱን የሚያዘጋጀውም ትኬቱን የቆረጠው ቢሮ ቢሆን፣ ለቢሮው የሚጠይቀው አምስት ደቂቃና አንድ ወረቀት ነው። በዚያ ሰዓት ነጻ የሚወጡት ወንበሮችና ገፊዎች በአውሮፕላኑ በር ላይ፣ በ«ሲ» የተመዘገበውን መንገደኛ ለመቀበል ይደርሳሉ።